ስቱዲዮውን በገንፎው ይፈትኑት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በእናቶችና ሕፃናት ላይ በሚሠራ ማኅበር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ስድስት ወር ለሞላቸው ሕፃናት ስለሚሰጥ ተጨማሪ ምግብ የሁለት ደቂቃ ተኩል አኒሜሽን እንድናሠራ በጀት ተፈቅዶልናል። ፊልሙን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በስልክና በታብሌት ለእናቶች ያሳዩታል። ሦስት ስቱዲዮዎች ፕሮፎርማ አስገብተዋል። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ፣ በጣም የሚያምር የስሪዲ (በኮምፒውተር እንደ ቅርጽ የሚሠራ) ሥራ ያሳየን፣ ዋጋውም ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሁለተኛውን ሁለት ወጣቶች እዚሁ ባሕር ዳር ከፍተውታል፤ በቱዲ (በጠፍጣፋ ስዕል) ነው የሚሠሩት። ሦስተኛው በኢንተርኔት ያገኘነው የውጭ አገር ስቱዲዮ ነው፤ በዶላር የጠየቀን ዋጋ ግን ከሁሉም ይረክሳል። ሰብሳቢያችን ‹የውጭ ፊልም ይመስላል› ብለው ስሪዲው ይሁን ይላሉ። ሒሳብ ክፍል ሦስተኛውን ይመርጣል። እኔ ስዕል አላውቅም፤ ሥራው ቢበላሽ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሁለት ወር ውስጥ ማስረከብ አለብን። በምን ልለይ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ስዕል አለማወቅዎ አያስጨንቅዎ። ይህን ፊልም ለማሠራት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የእናቶቹን ጓዳ ማወቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሦስቱም ስቱዲዮዎች ይልቅ እርስዎ ዘንድ አለ። የትኛውን እንደምመርጥልዎ ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ፤ ምክንያቱ ግን ይቅደም።

ፕሮፎርማዎቹን ለጊዜው ይዝጓቸውና ይህን ያስቡ። አንዲት እናት ፊልሙን አይታ ቤቷ ስትገባ፣ በዚያው ቀን ምን እንድትለውጥ ነው የምትፈልጉት? ስለ ተጨማሪ ምግብ የሚነገረው ብዙ ነው። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው መጀመር፣ ጡት ማጥባቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል፣ ገንፎው ላይ እንቁላል፣ ቅጠላ ቅጠል ወይም ዘይት መጨመር፣ እጅ መታጠብ። እነዚህን ባለሙያዋ በቃሏ ልታስረዳ ትችላለች። በቃል ሲነገር የሚያስቸግረው የገንፎው ውፍረት ነው። «ወፈር ይበል» ስትላቸው አንዷ እናት አጥሚት የሚመስል ነገር ታስባለች፣ ሌላዋ ለአራስ ጠያቂ የሚቀርበውን ገንፎ። ልኩ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ፣ ማንኪያው ላይ የሚቆይ መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ እንቅስቃሴ ነው፤ ፖስተር ላይ አይታይም። ማኅበራችሁ ለአኒሜሽን ገንዘብ ማውጣቱ የሚያዋጣው በዚህች ቅጽበት ነው።

እንግዲህ ስቱዲዮ የሚለዩበት ጥያቄ ከዚህ ይወጣል። ቀጭኑ ገንፎ ከማንኪያው ሲፈስ፣ ወፍራሙ ደግሞ ሲቆይ፣ ተመልካቿ በዓይኗ አይታ እንድታምን በአምስት ሰከንድ ማሳየት የሚችለው ማን ነው? ይህችን ብቻ እንዲሠሩ ለሦስቱም ይስጧቸው። ሌላ ነገር አይጨምሩበት፤ እጅ፣ ማንኪያ፣ ሳህን፣ ገንፎ፣ በቃ።

ይክፈሏቸውም። ይህን አጥብቄ የምለው በነጻ የሚጠየቅ ሙከራ ሁለቱንም ወገን ስለሚጎዳ ነው። የቴሌቪዥን ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 የቆሙ ምስሎች፣ ይሄዳል። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚይዝ በሰከንድ 12 ያህል ስዕል ይፈልጋል። አምስት ሰከንድ ማለት ወደ 60 ስዕል ነው፤ የሰው ቀናት ይፈጃል። በነጻ ሲጠየቁ ሥራ ያላቸው ጥሩ ስቱዲዮዎች ይተዉታል፤ የቀሩት ከሌላ ሥራ የተረፈ ነገር ቀባብተው ይልካሉ። ተፈርዶባቸው በነጻ የሚሠሩት ደግሞ ገና የጀመሩ ልጆች ናቸው፤ ይህ ልክ አይደለም። የግዥ ኮሚቴያችሁ ለሙከራ ክፍያ ምድብ የለንም ካለ፣ ከጠቅላላው በጀት ትንሽ ቆርጣችሁ «የናሙና ዝግጅት» ብላችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

ሥራው ሲመጣ በቢሮ ትልቅ ስክሪን ላይ አይገምግሙት። በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ላይ ጭነው፣ ደጅ ወጥተው፣ በቀን ብርሃን ይዩት። ቢሮ ውስጥ ያማረው ለስላሳ ጥላና ጥቃቅን ጌጥ በዚያ ስክሪን ላይ ጠፍቶ፣ ደማቅና ግልጽ መስመር ያለው ሥራ ብቻ ሊታይ ይችላል። ፊልሙ ዕድሜውን የሚፈጀው እዚያ ነው።

አሁን ስላሳዩዋችሁ ናሙናዎች። ሾውሪል በሙዚቃ የታጀበ የምርጥ ምርጥ ቅንጭብ ስለሆነ ሁሉንም ያሳምራል። ታሪክ መናገር መቻላቸውን፣ ሥራ በቀኑ ማስረከባቸውን ከእሱ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስቱዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠራ አንድ ሙሉ ፊልም ይጠይቁ። «ከዚህ ውስጥ እናንተ የሠራችሁት የቱን ነው?» ይበሏቸው። አንድ ፊልም ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳተፍ፣ ከበስተጀርባ ያለውን ተራራ ብቻ የሳለ ባለሙያም ፊልሙን በናሙናው ውስጥ ያስገባዋል። ነውር የለበትም፤ እርስዎ ግን ማወቅ አለብዎት። ከዚህ በፊት ያሠሯቸው ሰዎች ጋም ይደውሉና፣ ቆንጆ ነበር ወይ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «እርማት ስትሰጧቸው ምን አሉ?» ብለው ይጠይቁ።

ፊልሙን ደግሞ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱት። ለዚህ የስዕል ትምህርት አያስፈልግም። ገጸ ባሕሪው ሲራመድ መሬት የረገጠው እግር ይንሸራተታል? ጣቶቹ ዕቃውን ጨብጠዋል ወይስ ዕቃው እጁ ላይ ተለጥፎ ይንሳፈፋል? ውኃ የሞላ ጀሪካን የምታነሳ ሴት ሰውነቷ ያጎነብሳል ወይስ ጀሪካኑ ባዶ መስሎ ይነሳል? ከዚያ ድምፁን ከፍተው ከንፈር ይዩ። «መ»፣ «በ»፣ «ፐ» ሲባል ሁለቱ ከንፈሮች መግጠም አለባቸው። «እማማ» እያለች አፏ ተከፍቶ የሚቀር ገጸ ባሕሪ ካዩ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰው ለሌላ ቋንቋ የተሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ያረመውም ሰው የለም ማለት ነው።

ባለሙያዎች ራሳቸው የሚስቱት አንድ ነገርም አለ። በቱዲ ሥራ ወደ ቀኝ ዞራ የተሳለችን ሴት ወደ ግራ ለማዞር ቀላሉ መንገድ ስዕሉን መገልበጥ ነው። ሲገለበጥ ቀኝ እጇ ግራ ይሆናል። እናት ልጇን በግራ እጇ ስታጎርስ ከታየች፣ የተሰበሰቡት ሴቶች ስለ እጇ እንጂ ስለ ገንፎው አያወሩም። ነጠላም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ዞሮ ከተሳለ የለቅሶ አለባበስ ይሆንና ልጇን የምትመግበው እናት ሐዘን ላይ ያለች ትመስላለች። የእኛን አገር ሕይወት ለማሳየት ጎጆና መሶብ መሳል አይበቃም። እንዲህ ያሉትን ነገሮች ሳይነገረው የሚያይ ስቱዲዮ ካገኙ በዋጋ ትንሽ ቢወደድም ይያዙት።

ወደ ሰብሳቢያችሁ ልምጣ። ስሪዲ ያምራል፣ መውደዳቸው አይገርምም። ግን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ያስረዷቸው። በስሪዲ እያንዳንዱ ሰው፣ ድስትና ምድጃ መጀመሪያ እንደ ቅርጽ ይሠራል፤ ለሚንቀሳቀሰው የውስጥ አጥንት ይበጅለታል፤ መብራት ይደረግለታል፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ አስልቶ ያወጣል። ይህ ሬንደር የሚሉት ነው። የእናንተ ፊልም 150 ሰከንድ ነው፤ በ25 ሲባዛ 3,750 ፍሬም ይሆናል። አንዱ ፍሬም 3 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ፣ በአንድ ኮምፒውተር 187 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ስምንት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ «ሳህኑ ለሕፃን በዛ» ብትል፣ ሳህኑ ያለበት ትዕይንት ሁሉ ተመልሶ ሬንደር ይገባል። ብዙ ኮምፒውተር ያለው ስቱዲዮ ይወጣዋል፤ ወጪውን የምትሸከሙት ግን እናንተ ናችሁ። ይባስ ብሎ፣ የእናንተ ዋና ነገር ገንፎ ነው። እየተለጠጠ የሚወርድ ወፍራም ፈሳሽ በስሪዲ አሳምኖ ማሳየት ከከባዶቹ ሥራዎች አንዱ ነው። በእጅ ስዕል ግን ገንፎ ሲወርድ በዓይኑ ያየ ሠዓሊ በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል።

«ብዙ ገንዘብ ያልወጣበት ነገር ተመልካች አይስብም» ካሉ፣ በአገራችን ቴሌቪዥን ብዙ ሕፃናት ያደጉበትን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያስታውሷቸው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ይህ ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕሪው በእጅ የምትንቀሳቀስ የአሻንጉሊት ቀጭኔ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት የሆነውን ጃፓን ፕራይዝ አግኝቷል። ልጆቹን የያዛቸው ቋንቋዋና ጠባይዋ ነው።

ስለ ውጭው ስቱዲዮ አጭር ልሁን። ውጭ አገር መሆኑ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ በርቀት በጣም ጥሩ የሚሠሩ አሉ። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ዋጋ እንደላኩ እንጂ አንድም ጥያቄ እንደጠየቁ አይገልጽም። ስክሪፕቱን ሳያዩ፣ ስንት ሰው እንደሚሳል ሳይጠይቁ እንዲህ ርካሽ ዋጋ የሰጡት፣ ከተዘጋጀ የገጸ ባሕሪ ክምችት አውጥተው የቆዳ ቀለም ለውጠው ለማስረከብ አስበው እንዳይሆን እሰጋለሁ። ፊደላችንም አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ስለገባ ዛሬ ሶፍትዌሩ አይከለክላቸውም፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችል ሰው ቃልን ከመሃል ሰብሮ ወደ ታች ሲያወርድ፣ «ሰ»ን ከ«ስ» ሲያምታታ አይታወቀውም። ጽሑፉን ከድሮ፣ ከዩኒኮድ በፊት ከነበረ የአማርኛ መጻፊያ ገልብጣችሁ ከላካችሁላቸው ደግሞ እዚያ የሚደርሰው የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ለሒሳብ ክፍላችሁም አንድ ነገር፦ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ በዶላር የረከሰ ዋጋ የመጨረሻው ክፍያ በሚወጣበት ቀን ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ሦስቱንም ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በግልጽ ይጠይቁ። በመሣሪያው መጠቀማቸው ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ኤአይ ያወጣት እናት ከትዕይንት ትዕይንት ፊቷና ሹሩባዋ እየተለዋወጠ፣ ጤና ኬላው በር ላይ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ተጽፎ ሊመጣ ይችላል። የት ላይ እንደሚጠቀሙበትና ማን እንደሚያርመው ይንገሯችሁ።

ፕሮፎርማዎቹን ስታወዳድሩ አንድ ዓይነት ነገር እያወዳደራችሁ መሆኑን ማረጋገጥ አለባችሁ። አንዱ ድምፅና ሙዚቃ ጨምሮ፣ ሌላው ስዕል ብቻ ይዞ፣ ሦስተኛው 15 በመቶ ቫቱን ሳያካትት አስገብቶ ይሆናል። በአንድ ገጽ የፊልሙን ርዝመት፣ የገጸ ባሕሪዎቹን ቁጥር፣ የቦታዎቹን ቁጥር፣ የድምፁን ሥራ፣ የእርማቱን ዙር ጽፋችሁ ለሦስቱም እኩል ላኩና እንደገና ዋጋ እንዲያስገቡ ጠይቋቸው።

ቋንቋን ከአሁኑ ያስቡበት። እናንተ ባላችሁበት ክልል አዊ ላይ አገውኛ፣ ከሚሴ አካባቢ አፋን ኦሮሞ የምትናገር እናት አለች። ገጸ ባሕሪዎቹ እየተነጋገሩ ከንፈራቸው ከአማርኛው ጋር ከተገጠመ፣ ለሌላ ቋንቋ ከንፈሩ ሁሉ እንደገና ይሠራል። ታሪኩን ከውጭ የሚተርክ የሴት ድምፅ ብትጠቀሙ ግን ድምፁን ብቻ መቀየር ይበቃል። ለዚህም ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ አታብዙ፤ ማንበብ ለማትችለው እናትም የሚሻለው ይኸው ነው። ትረካውን ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ፣ ሳትጣደፉ አንብቡት። ከሁለት ደቂቃ ተኩል ካለፈ ስክሪፕቱን ቁረጡ እንጂ ተራኪዋን አታስሮጡ።

ሥራው ሲጀመር ገንዘባችሁን የሚያድነው በየትኛው ደረጃ ላይ እርማት እንደምትሰጡ ማወቅ ነው። ከስክሪፕቱ በኋላ ስቶሪቦርድ ይመጣል፤ ፊልሙ በተርታ በቆሙ ስዕሎች ማለት ነው። ከዚያ ስዕሎቹ ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር ተገጣጥመው አኒማቲክ ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ለውጥ በእርሳስና በላጲስ የሚያልቅ ነው፤ ከዚህ ካለፈ የተሠራ ሥራ ማፍረስ ነው። ስለዚህ አኒማቲኩን ይዛችሁ አንድ ጤና ኬላ ሂዱ። ለጥቂት እናቶች አሳዩና «ገባችሁ?» አትበሏቸው፤ ሁሉም «አዎ» ይላሉ። «ምን አያችሁ? እሷ ምን አደረገች?» በሏቸው። በጣም ተጠግቶ የተሳለ ማንኪያ አካፋ መስሎ ሊታያቸው፣ ከአንገት በታች የተቆረጠ ስዕል ሊያስደነግጣቸው ይችላል። ይህንን አሁን ማወቅ ዋጋው የታክሲ ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ የበለጠ የምመኝልዎ ይህንን ቀን እንዳይዘሉት ነው።

መዘግየትን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው አሠሪው ነው። ሰብሳቢው አንድ ይላሉ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሌላ፣ ገንዘብ ሰጪው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ነገር ይልካል። ሐሳቡን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ወረቀት የሚሰጥ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ እርስዎ ቢሆኑ ይሻላል፣ የሚጠየቁት እርስዎ ከሆኑ ሥልጣኑም ይሰጥዎት። ይህን ከውሉ በፊት ሰብሳቢውን በጽሑፍ ያስፈርሙ።

በውሉ ውስጥ ክፍያው ከደረጃዎቹ ጋር ይታሰር፦ ቀብድ፣ አኒማቲኩ ሲጸድቅ፣ ርክክብ ሲፈጸም። የእርማቱ ዙር በቁጥር ይጻፍ፤ ያለ ቁጥር የተጻፈ «እርማት ያካትታል» በመጨረሻ ጠብ ያመጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ገጸ ባሕሪዎቹ የማን እንደሆኑ፣ ማኅበሩ ሁለተኛ ፊልም ሌላ ስቱዲዮ ዘንድ በእነሱ ማሠራት ይችል እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከፊልሙ ጋር የሥራ ፋይሎቹን፣ ድምፁንና ሙዚቃውን ለየብቻ፣ እንዲሁም ጽሑፍ የሌለበትን ቅጂ ተረከቡ። አገውኛውን ማሠራት የምትችሉት እነዚህ በእጃችሁ ካሉ ነው። በቴሌግራም ለመላክ የሚመች አነስተኛ ፋይልም ይጨመር፤ ሙዚቃው የተገዛ ወይም የተፈቀደ ስለመሆኑም ማስረጃ ይስጧችሁ።

እኔ የምመርጥልዎ ሁለቱን ወጣቶች ነው። አጠገባችሁ ስላሉ አብረዋችሁ ጤና ኬላው ይሄዳሉ፣ እናቶቹን በዓይናቸው ያያሉ፣ ቱዲው ለገንፎውም ለስልኩም ይስማማል። የሚያሰጋኝ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። አንዱ ቢታመም ማን ይተካዋል? መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራሉ? የየቀኑን ሥራ ከኮምፒውተራቸው ሌላ የት ያስቀምጣሉ? በዚህ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ የያዙት ሥራ አለ? መልሳቸው ቀን በቀን የተጻፈ ዕቅድ ይዞ ከመጣ አይፍሩ። የማይመስል ተስፋ ከሆነ ግን በወጣትነታቸው አይሳሱላቸው።

የአምስት ሰከንዱ ገንፎ ካልሆነላቸው ወደ አዲስ አበባው ስቱዲዮ ይሂዱና፣ ያንኑ የአንድ ገጽ ዝርዝር ይዘው በቱዲ ስንት እንደሚሠሩት ይጠይቋቸው። ስሪዲ የሚችል ስቱዲዮ ውስጥ ጥሩ ሠዓሊ አይጠፋም፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱም ካልሆኑ ለገንዘብ ሰጪው ደብዳቤ ጽፈው የሦስት ሳምንት ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው የማስረከቢያው ቀን ከመድረሱ በፊት፣ የሙከራው ውጤት እንደታወቀ በዚያው ሳምንት ይውጣ።